ለተውኔቱ ኦዲሽን 7 ተማሪ ብቻ መጣ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህርት ነኝ። የቲያትር ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ 18 ገጸ ባሕርያት ያሉት ተውኔት መርጬ የኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ) ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለጥፎ ነበር። በቀኑ የመጡት ግን 7 ናቸው፤ 6 ሴቶችና 1 ወንድ። አምና 23 ተማሪዎች መጥተው ነበር። ባልደረቦቼ ‹የዘንድሮ ልጆች ከስልካቸው ሌላ የሚወዱት ነገር የለም፣ ተይው› ይሉኛል። አንዷ ደግሞ ‹ማርክ ያዥበት፣ ይጎርፉልሻል› አለችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ልሰርዘው ወይስ ማርክ ልያዝበት?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣ አይሰርዙት። ማርክም አይያዙበት። ያዘኑት ልጆቹ ይህ ነገር እንዳያመልጣቸው ስለሚፈልጉ መሆኑ ከጥያቄዎ ያስታውቃል። እኔም ለዓመታት ከተማሪዎች ጋር ተውኔት ሳዘጋጅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ በሩን ያየሁባቸው ቀኖች አሉ። ስለዚህ የሚሰማዎት ስሜት ይገባኛል።

ከማርኩ ልጀምር፤ ቀላል መፍትሔ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሞክረዋልና። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወዱ ትንንሽ ልጆችን አጥንተው ነበር። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው። ልጆቹም ሣሉ፣ ሽልማታቸውን ተቀበሉ። በኋላ ላይ ግን በነጻ ሰዓታቸው ለሥዕል የሚያውሉት ጊዜ ቀነሰ። ስለ ሽልማት ምንም ያልተነገራቸው ልጆች እንደ ቀድሞው ይሥሉ ነበር። ማርክ ሲይዙበት ወንበሩ ይሞላል። ልምምድ ላይ የሚያገኙት ግን ማርኩ መቼ እንደሚመዘገብ የሚጠብቅ ልጅ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ሳይወድ ከቆመ መሰልቸቱ ወደ ሌሎቹም ይጋባል።

ስልክ ስላሉት ነገር ትንሽ እንቆይ። እስቲ ልጆቹ በስልካቸው ምን እንደሚሠሩ ይመልከቱ። ይተውናሉ! የመምህር ድምፅ ያስመስላሉ፣ የእናት ቁጣ ይጫወታሉ፣ ቀርጸው ለጓደኛ ይልካሉ። ካልወደዱት ያጠፉትና እንደገና ይቀርጻሉ። ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ስልካቸው ላይ የተበላሸውን ማጥፋት ይችላሉ። ኦዲሽን ላይ ማጥፋት የለም። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ትወና ጠልተዋል ብዬ አላምንም። የሸሹት አንዴ ከተበላሸ የማይጠፋውን ነገር ነው።

አሁን ማስታወቂያዎን በአንድ የ15 ዓመት ልጅ ዓይን ያንብቡት። እንደ ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ከሆነ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ሞኖሎግ (አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ቃለ ተውኔት) አጥንታችሁ ኑ» ይላል። ልጁ ሞኖሎግ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ቢያውቅም ከየት እንደሚያመጣው አያውቅም። ስንት ሰው እንደሚያየው፣ ሲሳሳት ምን እንደሚባል፣ ጓደኞቹ በመስኮት ያሾልቁ እንደሆነ አልተነገረውም። ያልተነገረውን ሁሉ በራሱ ይሞላዋል። የሚሞላው ደግሞ በክፉው ነው።

በዚህ ዕድሜ ሁሉም ሰው የሚያየኝ እኔን ነው የሚል ስሜት በጣም ያይላል። ሥነ ልቦና አጥኚው ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 «ምናባዊ ተመልካች» ብሎ ስም ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ደስ የሚል ሙከራ አወጡ። ለአንድ ተማሪ የሚያሳፍር የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ካናቴራ ያለብሱትና ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል ያስገቡታል። ከዚያ ስንቶቹ ካናቴራውን እንዳዩት ይጠይቁታል። ለባሾቹ በግምት ግማሹ ሰው አይቶታል ይሉ ነበር። በትክክል ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ይህን ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው። ፍርሃቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ግን የእነሱ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ሌላም አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ሰው በደንብ የለመደውን ነገር ሌሎች ሲያዩት የተሻለ ይሠራዋል። ያልለመደውን ደግሞ ሌሎች ሲያዩት ይበልጥ ያበላሸዋል። ኦዲሽን እንግዲህ ምንድን ነው? ትወና ለምዶ የማያውቅን ልጅ፣ ያለ ልምምድ፣ ብቻውን፣ ጠረጴዛ ይዘው በተደረደሩ ዳኞች ፊት ማቆም። ልጁ ያለውን ችሎታ ለማየት ከዚህ የከፋ መንገድ ማሰብ ያስቸግራል። አስቀድሞ የለመደው ልጅ ያበራል። እኛም «ተሰጥኦ አገኘን» እንላለን።

አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ትምህርት ቤት የኦዲሽን ቀን ነበር። አንዲት ልጅ በበሩ ሦስት ጊዜ አለፈች። ገባ ብላ ታያለች፣ ትመለሳለች። ለራሷ ዝም አልኳት፤ እንዳላሳፍራት ብዬ። ከሳምንት በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝቻት «ለምን አልገባሽም?» አልኳት። መሬት መሬቱን እያየች «ዝርዝሩን ፈርቼ ነው» አለችኝ። የትኛው ዝርዝር? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እኔው የለጠፍኩት። የተመረጡትን ስም ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር። እሷ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና አነበበችው። የሦስቱ ስም አለ፣ የእሷ የለም። ጓደኞቿ እየዘለሉ ሲተቃቀፉ እሷ ፈገግ ብላ ቆማ ነበር። እኔ ያን ቀን ቢሮዬ ነበርኩ። ምንም አላየሁም።

ይህን የምነግርዎ በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ቁጥር ስላስቆመኝ ነው። አምና 23 ነበሩ። ከ23ቱ ስንቱ ሚና አገኘ? ያላገኙት እንዴት ተነገራቸው? ዘንድሮ ከእነሱ መካከል ተመልሶ የመጣ አለ? ዛሬ ማታ የአምናውን ስም ዝርዝር አውጥተው ይዩት። እኔ ብሆን ምርመራዬን የምጀምረው ከዚያ ነው። አንድ የተጎዳ ልጅ ብቻውን አይቀርም፤ ለአምስት ጓደኞቹ ያወራል። «ሚናው ቀድሞ የተያዘ ነው፣ ለመምህሯ ልጆች ነው የሚሰጠው» የሚል ወሬም የሚወለደው እንዲህ ነው። እውነት ባይሆንም ልጆች ያምኑታል።

እንዲሁም ከ23ቱ ስንቶቹ ተመርቀው ወጡ? የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳየው ነገር እዚህ ይጠቅመናል። ሰው ወደ አንድ ነገር የሚገባው ሌሎች ስንት እንደገቡ አይቶ ነው። አንዱ ማንም ባይኖርም ይገባል። ሌላው አንድ ሰው ሲገባ ይከተላል። ሦስተኛው ሁለቱ እስኪገቡ ይጠብቃል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ያለ አንድ ሰው ቢጎድል ከኋላ ያሉት ሁሉ ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ ከ23 ወደ 7 መውረድ የ16 ልጆች ፍላጎት ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል። ፊት ፊት የሚሄዱ ሁለት ሦስት ልጆች ተመርቀው ሄደው ሊሆን ይችላል። የወንዶቹም ነገር ያው ነው። አንድ ወንድ ብቻ ካለ ሁለተኛው ወንድ በር ላይ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ያልመጡትን ይጠይቁ። ጥያቄው ግን «ለምን አልመጣህም?» አይሁን፤ ይህ ወቀሳ ነው፣ መልሱም «ጊዜ የለኝም» ነው። ስም የማይጻፍበት ትንሽ ወረቀት ይስጧቸውና «ቲያትር ብትሠሩ በጣም የሚከብዳችሁ ምንድን ነው?» ይበሏቸው። የሚመጣው መልስ ያስገርምዎታል። «ማንበብ ያስቸግረኛል» የሚል ይኖራል። «ቤት ታናናሾቼን የምጠብቅ እኔ ነኝ» የሚል ይኖራል። «ጓደኛዬ ካልገባች አልገባም» የሚል ደግሞ ብዙ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ በአንድ ማስታወቂያ አይፈቱም።

ከዚያ ከኦዲሽኑ በፊት የጨዋታ ቀን ያድርጉ። ኦዲሽን የሚለውን ቃል ጭራሽ አያንሱት። ቫዮላ ስፖሊን የምትባል አሜሪካዊት የቲያትር መምህርት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ጋር ትሠራ ነበር። ልጆቹን በንግግር ትወና ማስተማር አልሆነላትም። ስለዚህ ጨዋታዎች ፈጠረች። የዘዴዋ ምስጢር አንድ ነው፦ ልጁ ሐሳቡ የሚሠራው ነገር ላይ ሲያርፍ ራሱን መመልከት ይረሳል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላው መስታወት ይሆናል፤ እጅ ሲነሳ እጅ ይነሳል። ወይም በሁለት ወገን ቆመው የሌለ ገመድ ይጓተታሉ። ገመዱ እንዳይላላ፣ እንዳይረዝም እርስ በርስ መተያየት አለባቸው። ጨዋታው ከጀመረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያ «እኔ አፍራለሁ» ያለው ልጅ ፊቱ ቀልቶ ገመድ ሲጎትት ያዩታል። ያ ትወና ነው። እሱ አያውቀውም፤ እርስዎ ግን አይተዋል።

ይህን ጨዋታ ተዘግቶ ሳይሆን ክፍት በሆነ ቦታ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያድርጉት። ሰባቱን ይዘው ይጀምሩ። የሚያየው ይብዛ፣ መግባት የፈለገ ይግባ። ማንንም እጁን ይዘው አይጎትቱ። ሁለት ሦስት ቀን ይደጋገም። የመጀመሪያው ቀን ሰው ቆሞ ይስቃል። በሦስተኛው ቀን ከሚስቁት መካከል ሁለቱ ይገባሉ።

ኦዲሽኑን ራሱን ደግሞ በቡድን ያድርጉት። አምስት ስድስት ሆነው አብረው ይግቡ። ከተውኔቱ ላይ የአንድ ገጽ ትዕይንት ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይስጧቸው። በቃል መያዝ አያስፈልግም። ንባብ ለሚከብደው ልጅ ይህች ሦስት ቀን ትልቅ ነገር ናት፤ ካስፈለገም ቃሉን አንብቡለትና በራሱ አነጋገር ይጫወተው። የጠረጴዛውን ነገር ይተውት፤ ወንበርዎን ይዘው አጠገባቸው ይቀመጡ። በሩም ይዘጋ፣ ተመልካች አይኑር። አንዴ ከተጫወቱ በኋላ አንድ ነገር ቀይረው እንደገና ያስጫውቷቸው፤ «አሁን ደግሞ አጠገባችሁ ሕጻን ልጅ እንደተኛ አድርጋችሁ ተጫወቱ፣ እንዳይነቃ» ብለው። የሁለተኛው ጨዋታ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ልምምድ ላይ የሚፈልጉት የተባለውን ሰምቶ መለወጥ የሚችል ልጅ ነው። ለልጁም እዚህ ጋ «አጥፍቶ እንደገና መቅረጽ» ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለፈራ ልጅ «አይዞህ፣ ተረጋጋ» ማለት ብዙ አይጠቅመውም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ከመዝፈንና ንግግር ከማድረግ በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠርተዋል። ልብ መምታቱ አይቀርም፤ የሚቀየረው ስሙ ነው። «ልብሽ እየመታ ነው? ጥሩ፣ ጓጉተሻል ማለት ነው» ይበሏት።

ግብዣውን በተመለከተ ማስታወቂያ ሰሌዳን አይመኑ። ማስታወቂያ ለሁሉም ስለሚናገር ማንም «ለእኔ ነው» አይልም። አንድ በአንድ ይጥሯቸው፤ ስትጠሯቸውም ምክንያት ይስጡ። «ቲያትር ብትሞክር ጥሩ ነው» ባዶ ነው። «ሰኞ ዕለት ያንን ታሪክ ስታወራ ድምፅህ እስከ መጨረሻው ወንበር ደርሶ ነበር፤ ለዚህ ተውኔት እንዲህ ያለ ድምፅ እፈልጋለሁ» ሲሉት ግን ልጁ ማታ ተኝቶ ያስበዋል። ሌሎች መምህራንንም ይጠይቁ። የሒሳብ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሁሉን የሚያስቅ ልጅ ማን እንደሆነ ያውቃል። ዝም የሚሉትንም አይርሱ። እኔ ካየኋቸው ምርጥ ተዋንያን አንዳንዶቹ ክፍል ውስጥ ስማቸው የማይታወስ ልጆች ነበሩ። ወንዶቹን ሁለት ሁለት አድርገው ይጥሯቸው፤ ከኳስ ቡድኑ ጓደኛሞች የሆኑ ሁለት ልጆች ለምሳሌ። አንዱን ብቻውን ከጠሩት ሁለቱንም ያጣሉ።

መድረክ ላይ መውጣት ጨርሶ የማይፈልግም አለ። መብራት፣ ድምፅ፣ አልባሳት፣ የመድረክ ዕቃ፣ ቃል ለጠፋበት የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከትወናው እኩል ይጻፍ። ብዙ ልጅ በዚህ ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት መድረክ ላይ ይወጣል።

ሰዓቱን አስቀድመው ያሳውቁ። የልምምድ ቀኖቹ፣ የሚያልቅበት ሰዓት፣ የፈተና ሳምንት ላይ ልምምድ እንደሌለ፣ ሁሉም ተጽፎ ለወላጅ ይድረስ። ሁሉም ተዋናይ በሁሉም ልምምድ ላይ መገኘት የለበትም፤ ትዕይንት በትዕይንት ይጥሯቸው። ታናናሾቿን የምትጠብቀው ልጅ በሳምንት አንድ ቀን መምጣት ትችል ይሆናል።

ስለ ተውኔቱ ልናገር፤ እዚህ ላይ እርስዎም ትንሽ ያስቡበት። ተውኔቱ ቀድሞ ተመረጠ፣ ከዚያ 18 ሰው ተፈለገ። በትምህርት ቤት ቲያትር ግን ሰዎቹን አይቶ ተውኔቱን መምረጥ ይሻላል። 7 ሰው ጥቂት አይደለም። በጥንታዊት ግሪክ መጀመሪያ የነበረው አንድ ተዋናይና አዝማች ቡድን ብቻ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ አይስኪለስ ሁለተኛ ተዋናይ ጨመረ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ሶፎክልስ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱ ተዋንያን ጭምብል እየቀየሩ በትራጄዲው (በአሳዛኙ ተውኔት) ውስጥ የሚናገሩትን ገጸ ባሕርያት ሁሉ ይጫወቱ ነበር። የእርስዎ ሰባት ልጆች ባርኔጣና ነጠላ እየቀየሩ ሁለት ሦስት ሚና መያዝ ይችላሉ። ተመልካች ይህን ይወዳል። ስድስቱ ሴቶች የወንድ ሚና ቢጫወቱስ? በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝ የሴት ሚና የሚጫወቱት ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች በሕዝብ መድረክ መተወን የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1660 ወዲህ ነው። እርስዎ የሚያደርጉት የዚያን ተቃራኒ ነው። ተውኔቱን ሲያሳጥሩ ወይም ሚና ሲያጣምሩ ግን ደራሲው በሕይወት ካለ ወይም የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ካላለፈ ፈቃድ ይጠይቁ።

የመጨረሻውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ውጤቱን የሚናገሩበት መንገድ ነው። ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ አይስቀሉ። እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው ያነጋግሩት፤ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የፈለገውን ሚና ላላገኘ ልጅ ያዩበትን አንድ መልካም ነገር በትክክል ይንገሩት፣ ሊያሻሽለው የሚችለውን አንድ ነገርም ይንገሩት፣ ከዚያ ያዘጋጁለትን ቦታ ይስጡት። የመጣ ልጅ ሁሉ ባዶ እጁን አይመለስ። ያቺ ዝርዝሩን የፈራች ልጅ በኋላ መብራት ክፍል ገባች። በተከታዩ ዓመት ሁለት ትዕይንት ላይ ተጫወተች። እኔም ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ለጥፌ አላውቅም።

ለነገ አንድ ሥራ ልስጥዎ። ሰባቱን ይሰብስቧቸው። ቁጥሩ እንዳሳዘነዎት አይንገሯቸው፤ እነሱ መጥተዋል፣ ሐዘንዎን መስማት ያለባቸው እነሱ አይደሉም። ስለመጡ ያመስግኗቸው። ከዚያ የሌለውን ገመድ ያስጓትቷቸው። ያንን ብቸኛ ወንድ ልጅ ደግሞ ለብቻው ጠርተው «ከጓደኞችህ ማን ቢኖር ደስ ይልሃል?» ብለው ይጠይቁት። የሚነግርዎትን ስም ይጻፉና ከነገ ወዲያ ልጁን ፈልገው ያግኙት።